በጠራ ሰማይ የሚመጣ ደራሽ፦ የሐሩር ደሴቶችን ክረምት እንዴት እናንብብ?

«የሐሩር ክልል ደሴቶች በክረምት ምን ዓይነት የአየር ሁኔታ አላቸው?» ተብሎ ለተማሪ ጥያቄ ቢቀርብ መልሱ ከወዲሁ የታወቀ ነው። «ሞቃትና እርጥበት አዘል፣ ዓመቱን ሙሉ ብዙ ለውጥ የማይታይበት» ብሎ ይጽፋል፤ መምህሩም ሙሉ ነጥብ ይሰጠዋል። የመጽሐፉ ሰንጠረዥም ይደግፈዋል። እኛም በበኩላችን ለዚህ መልስ ስንት ጊዜ ነጥብ እንደ ሰጠን ቆጥረን አንዘልቀውም። ይሁንና ይህ መልስ በሰንጠረዡ ትክክል ሆኖ ሳለ ሰው ሊገድል የሚችል መልስ ነው ብንል አንባቢያን ያጋነንን ይመስላቸው ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው ግን ይህንኑ ነው። የአንድ ደሴት የክረምት ቀን በዋነኛነት የሚነበበው ከነፋሱና ከባሕሩ ነው፤ ሰማዩና ባሕሩም በአንድ ቀንና በአንድ ቦታ ፍጹም የተለያየ ነገር ሊናገሩ ይችላሉ።

አስቀድመን «ክረምት» ስለሚለው ቃል ጥቂት ማለት ግድ ይለናል። በአገራችን አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን የሚወጣ የዝናብ ወቅት ነው። የባዕድ አገር መጻሕፍትን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎች ግን በሰሜን ንፍቀ ክበብ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ቀዝቃዛ ወቅት ክረምት ይሉታል። ለእኛ ያ ጊዜ ሰማዩ የጠራበት፣ አውድማው የሚወቃበት በጋ ነው። በመሆኑም ተማሪው «የሃዋይ ክረምት» የሚለውን ሐረግ ሲያነብ የትኛውን ክረምት በአእምሮው እንዲስል እንደ ተፈለገ ሳይገባው ያልፋል። የሚገርመው ግን በሃዋይ ረገድ ተርጓሚው ሳያስበው ልክ መሆኑ ነው። የደሴቶቹ ጥንታዊ ነዋሪዎች ዓመቱን የሚከፍሉት ልክ እንደኛ በዝናብ ነበር። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ያለውን ደረቅ ወቅት «ካው»፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለውን ዝናባማ ወቅት ደግሞ «ሆኦኢሎ» ይሉታል። እንግዲህ በዚያ አገር ቀዝቃዛው ወቅትና የዝናቡ ወቅት አንድ ላይ ይውላሉ። ከዚህ በኋላ ክረምት ስንል ይህንን ሆኦኢሎ ማለታችን መሆኑን አንባቢያን ልብ ይበሉልን።

ሃዋይን ለአብነት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዋና ዋናዎቹ ደሴቶች ከ19 እስከ 22 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ፣ ከቅርቡ አህጉር ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ይገኛሉ፤ የአየሩም የባሕሩም ሁኔታ በየዕለቱ በጥንቃቄ ይመዘገብባቸዋል። በዋና ከተማዋ በሆኖሉሉ የጥር ወር ቀትር 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ሌሊቱ ወደ 19 ዲግሪ ይወርዳል። በነሐሴ ቀትሩ 31 ወይም 32 ዲግሪ ይደርሳል። የባሕሩ ወለል ደግሞ በክረምት ማብቂያ 24፣ በመስከረም 27 ዲግሪ ያህል ነው። በእርግጥም ከወር ወር ያለው ልዩነት ከቀንና ከሌሊት ልዩነት ያንሳል። ይህ ለአዲስ አበባ ልጅ እንግዳ ነገር አይሆንም፤ እኛም በታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ወርደን በቀትር ከ20 በላይ እየወጣን፣ የወሮቹ አማካይ ግን በጥቂት ዲግሪ ብቻ ሲለያይ ኖረናል። የሐሩር ክልል ብርድ በወር ሳይሆን በሌሊት የሚመጣ ነው።

ሰንጠረዡ እዚህ ላይ ያበቃል። የደሴቱ ቀን ግን እዚህ ላይ ይጀምራል።

በተለመደ ቀን ገዥው የንግድ ነፋስ ነው። ከደሴቶቹ ሰሜን ምሥራቅ ላይ ከሚቀመጠው ከፍተኛ የአየር ግፊት እየተነሣ ባሕሩን አቋርጦ ይመጣል። እርጥበት ተሸክሞ ተራራ ሲገጥመው ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘንባል። ዝናቡም ነፋሱን በሚቀበለው ወገን፣ በተለይ ከሌሊቱ እኩሌታ እስከ ማለዳ፣ አጭር አጭር ካፊያ ሆኖ ይወርዳል። ከተራራው ባሻገር ያለው ወገን ግን በዚያው ሰዓት ፀሐይ ይሞቃል። በካዋይ ደሴት የሚገኘው የዋይአሌአሌ ተራራ በዓመት ከ10,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይቀበላል፤ ይህም ከአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ ስምንት እጥፍ ይበልጣል። በትልቁ ደሴት ምዕራባዊ ጠረፍ የምትገኘው ካዋይሃኤ ግን 300 ሚሊ ሜትር እንኳን አትሞላም። ይህን ያህል ርቀት መሄድም አያሻም። የሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ በዓመት ከ500 ሚሊ ሜትር በታች ሲያገኝ፣ ከእርሱ ከ15 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ያለው የማኖአ ሸለቆ ራስጌ ከ3,500 በላይ ያገኛል። ቁልቁል ወርዶ ከደጋ ቆላ በግማሽ ቀን የገባ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ልዩነቱ በእኛ ዘንድ አየሩን የሚከፋፍለው በዋነኛነት ከፍታ ሲሆን በእነርሱ ዘንድ ከከፍታው ጋር የነፋሱ አቅጣጫ መሆኑ ነው።

ደመናውም ልክ አለው። ከባሕር ጠለል ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍ ሲባል የሙቀት ግልበጣ የሚባለው ንብርብር ይገኛል። በሌላ ቦታ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ መቀዝቀዝ ሲገባው እዚህ ላይ መልሶ ይሞቃል፤ ስለዚህ ከሥር የሚወጣው እርጥብ አየር እንደ ድስት ክዳን ከላይ ይዘጋበታል። ከዚያ በላይ ያለው የተራራ ጫፍ ደረቅና ጥርት ያለ ነው። በማውና ሎአ ተራራ 3,397 ሜትር ከፍታ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ሲለካ የኖረው ከአካባቢ ጭስ የራቀ ንጹሕ አየር ስለሚገኝ ነው። የዓለምን ሙቀት መጨመር በተመለከተ የምንጠቅሰው ዝነኛ መስመር ከደሴት ተራራ የተገኘ መሆኑን እግረ መንገዳችንን እናስታውስ።

በበጋው ወራት ይህ ነፋስ ከአሥር ቀን ዘጠኙን ያህል ይነፍሳል። በክረምት ግን ከግማሽ ጥቂት ወደሚበልጡ ቀናት ይወርዳል። አማካዩን ይዞ የሚጓዝ ሰው የሚሳሳተው በተቀሩት ቀናት ነው። ከፍተኛ ግፊቱ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ሲሸሽ ወይም ሲደክም፣ ከሰሜኑ የሚመጣ የቀዝቃዛ አየር ግንባር ጅራቱን በደሴቶቹ ላይ ይጎትታል። ነፋሱ መጀመሪያ ጸጥ ይላል፤ ቀጥሎ ከደቡብ ምዕራብ ይዞራል፤ ዝናብ ይወርዳል፤ ከዚያም ከሰሜን ቀዝቃዛና ደረቅ ነፋስ ይገባል። አንዳንድ ጊዜም «ኮና» የሚባለው ወጀብ ይነሣል። ኮና በሃዋይ ቋንቋ ከነፋሱ የተከለለው ወገን ማለት ሲሆን ስሙ ነገሩን ይገልጸዋል። ዓመቱን ሙሉ ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ የኖረው ደረቅ ጠረፍ በዚያ ቀን ፊቱን ይመታል። እነዚያ ደረቅ ስፍራዎች የዓመት ዝናባቸውን አብዛኛውን ክፍል የሚያገኙት ከእነዚህ ጥቂት የክረምት ወጀቦች ነው። ደንቡ ሁሉ የራሱ አፈንጋጭ አለውና፣ የትልቁ ደሴት የኮና አውራጃ ብቻ ዝናቡን ይበልጥ የሚያገኘው በበጋ ከሰዓት በኋላ፣ የባሕር ነፋስ ሽቅብ በሚወጣበት ጊዜ ነው። በፈተና ሊጠየቅ የሚገባው እንዲህ ያለው ነገር ነበር።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 መጀመሪያ የመጣው የኮና ወጀብ ሆኖሉሉን በጎርፍ ሲያጥለቀልቅ፣ በዚያው ሰሞን ለማውና ኬአና ለማውና ሎአ ጫፎች የበረዶ ውሽንፍር ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር። ማውና ኬአ ከፍታው ከ4,200 ሜትር ይበልጣል፤ ከራስ ደጀን የሚያንሰው በሦስት መቶ ሜትር ገደማ ነው። እዚህም ላይ ቋንቋችን ጥቂት ያስቸግረናል። እኛ በረዶ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ከሐምሌ ዝናብ ጋር ጣራ እየደበደበ የሚወርደውን ጠጠር ነው፤ በማውና ኬአ ላይ የሚወርደው ግን እንደ ተባዘተ ጥጥ ዝም ብሎ የሚከመረው ዓይነት ነው። በአንድ ደሴት፣ በአንድ ቀን፣ ከታች የሚዋኝና ከላይ በረዶ የሚጠርግ ሰው አለ።

ወጀቡ ሁልጊዜ በጨዋታ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2006 ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ለአርባ ቀናት ያህል ሲመላለስ በቆየው ዝናብ ውስጥ፣ ማርች 14 ቀን በካዋይ ደሴት የካሎኮ ግድብ ተደርምሶ ሰባት ሰዎች ሞቱ። የግድቡ አያያዝ በኋላ በፍርድ ቤት የታየ ጉዳይ በመሆኑ ጥፋቱን ሁሉ በሰማዩ ላይ መጫን አይቻልም። የዝናቡን ወቅት በአማካይ ቁጥር ብቻ የሚያስብ ሰው ግን በአርባ ተከታታይ ቀን የሚጠግብ መሬት ምን እንደሚሆን አያስብም።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ቢያንስ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ የሚታይ ነው። ከባሕር የሚመጣው ግን እንዲህ አይደለም።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ድሬዳዋ ላይ የደረሰውን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት መኪናና ሰው የሚመላለስበት አሸዋ ነው። በዚያች ሌሊት ግን ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ የጣለው ዝናብ ተጠራቅሞ በእንቅልፍ ላይ በነበረው ሕዝብ ላይ ደረሰ፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ሕይወታቸውን አጡ። በቆላ የሚኖር ሰው «ደራሽ ውሃ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ማንም እንዲያስተምረው አያሻውም። ዝናቡ ሌላ ቦታ፣ ውሃው እዚህ ነው። ራስህ በቆምክበት ቦታ ያለው ሰማይ ስለሚመጣብህ ነገር ምንም አይነግርህም። እኛ ባሕር የሌለን ሰዎች የውቅያኖስን የክረምት ሞገድ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ያለን አይመስለንም።

በክረምት ወራት ከጃፓን ምሥራቅ አንሥቶ እስከ አላስካ ደቡብ ባለው ባሕር ላይ ታላላቅ ወጀቦች ይመላለሳሉ። ነፋሱ በሺህ ኪሎ ሜትር ስፋት ላይ ለቀናት ባሕሩን ይገፋል። የተነሣው ሞገድ ወጀቡ ከሞተ በኋላ እንኳን ጉዞውን አያቆምም። ውቅያኖስ አሸጋጋሪ ክፍያ አይጠይቅምና ረጃጅም ሞገዶች በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሲሄዱ የሚያጡት ጉልበት ጥቂት ነው። ዋልተር ሙንክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአንታርክቲካ አቅራቢያ ወጀቦች የተነሡ ሞገዶችን ከኒውዚላንድ እስከ አላስካ በተዘረጉ የመለኪያ ጣቢያዎች እየተከተሉ ውቅያኖሱን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጡ መዝግበዋል። አንዱ ጣቢያ የነበረው እዚሁ ሃዋይ ላይ ነው። ዛሬ የሞገድ ትንበያ የሚሠራው ሙንክ ቀደም ብሎ ከሃራልድ ስቨርድሩፕ ጋር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጀመረው መንገድ ላይ ተመሥርቶ ነው።

የነገሩን ሥሌት ማንኛውም የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል። አንድ የሞገድ ጫፍ በአንድ ነጥብ ካለፈ በኋላ ተከታዩ እስኪያልፍ ያለውን ጊዜ ዑደት እንበለው። በጥልቅ ባሕር የሞገድ ጉልበት በሰዓት የሚጓዘው ርቀት በኪሎ ሜትር ሲለካ ዑደቱ በሰከንድ ተወስዶ በ2.8 ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። ዑደቱ 20 ሰከንድ የሆነ ሞገድ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር፣ ዑደቱ 15 ሰከንድ የሆነው 42 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ወጀቡ 3,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢሆን የመጀመሪያው ከ54 ሰዓት ገደማ፣ ሁለተኛው ከ71 ሰዓት ገደማ በኋላ ይደርሳል። እንግዲህ ረጃጅሞቹ ቀድመው ይመጣሉ። ሲመጡም ገና ቁመታቸው አነስተኛ ነው። ባለ 20 ሰከንዱ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ600 ሜትር በላይ ርዝመት ስላለው፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ቢሆንም በጥልቅ ባሕር ላይ በጀልባ የተቀመጠ ሰው ከፍ ዝቅ ሲል ብዙም አይታወቀውም። ነገር ግን ርዝመቱ የዚያን ያህል በመሆኑ የባሕሩን ወለል የሚነካው ገና 300 ሜትር ጥልቀት ላይ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ ከፊቱ እየዘገየ፣ ከኋላው እየተገፋ፣ ጥልቀት በሌለው የኮራል ዐለት ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የንግድ ነፋሱ የሚያስነሣው የዕለት ተዕለት ሞገድ ዑደቱ ስምንት ሰከንድ ቢሆን ርዝመቱ 100 ሜትር ገደማ ነው፤ በቁመት ከመጀመሪያው ጋር እኩል ቢታይም በባሕሪ አይገናኙም። በዚህ ላይ የሞገድ ጉልበት ከቁመቱ ካሬ ጋር የሚያድግ በመሆኑ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

አሁን ወደ ጠረፉ እንመለስ። የኦአሁ ደሴት ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ወርኃ ጥር። ነፋስ የለም። ሰማዩ ሰማያዊ ነው። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ነው። ሰንጠረዡ ያለው ሁሉ በቦታው አለ። ባሕሩ ለአሥርና ለአሥራ አምስት ደቂቃ ጸጥ ሊል ይችላል፤ ሞገዶች በቡድን ይመጣሉና። ከአገር ውጭ የመጣ ሰው ዐለቱ ላይ ወጥቶ ፎቶግራፍ ይነሣል። ቀጣዩ ቡድን ሲደርስ ከሦስት ቀን በፊት በአሌውሺያን ደሴቶች አቅራቢያ የነፈሰው ነፋስ እግሩ ሥር ይደርሳል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይህ ነው። ሃዋይን ከሚጎበኙ ሰዎች መካከል በአደጋ ለሚደርስ ሞት ቀዳሚው ምክንያት በውሃ መስጠም ነው፤ ነዋሪዎቹም ለእንግዳ የሚነግሩት የመጀመሪያው ምክር ለባሕር ጀርባህን አትስጥ የሚል ነው። ልብ እንበል፤ ለሰማይ አላሉም።

በዚያ ጠረፍ የሕይወት አድን ዋናተኞች ሥራ የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ኤዲ አይካው እ.ኤ.አ. በ1968 በዚሁ ሥራ ተቀጥሮ በዋይሜአ ሰርጥ ብዙ መቶ ሰዎችን ከሞት አትርፏል። እ.ኤ.አ. በማርች 1978 የጥንቱን የፖሊኔዥያ መርከበኞች መንገድ ለመከተል የተነሣችው ሆኩሌአ የተባለች ታንኳ በኃይለኛ ነፋስና ሞገድ ስትገለበጥ፣ እርዳታ ለማምጣት በሞገድ መንሸራተቻ ሰሌዳው ተሳፍሮ እንደ ወጣ ቀረ፤ ጓደኞቹ በኋላ ዳኑ። በስሙ የተሰየመው የሞገድ ግልቢያ ውድድር የሚካሄደው የሞገዱ ፊት ወደ 12 ሜትር ሲደርስ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 2024 በነበሩት አርባ ዓመታት ውስጥ የተካሄደው አሥራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 2023 ያሸነፈው ሉክ ሼፐርድሰን በዕለቱ በሥራ ላይ የነበረ የሕይወት አድን ዋናተኛ ሲሆን ተራው ሲደርስ ተወዳድሮ ወደ ጥበቃው ተመልሷል። ወሬው ለጨዋታ ጥሩ ነው፤ ለእኛ ግን የሚነግረን ሌላ ነገር አለ። ለአርባ ዓመት በየክረምቱ ባሕሩን በየቀኑ የሚመለከት ሰው ነበረ ማለት ነው። በአማካይ ቁጥር ቢሠራ ኖሮ ውድድሩ አንድም ጊዜ አይካሄድም ነበር።

ስለ መለኪያ ካነሣን አይቀር፣ የሃዋይ ሞገድ ጋላቢዎች የሞገድን ቁመት በራሳቸው ልማድ ከፊቱ እኩሌታ ገደማ አድርገው ይናገራሉ። «አሥር ጫማ» ሲሉ የሚመጣው ሃያ ጫማ ሊሆን ይችላል። የአካባቢው የአየር ትንበያ አገልግሎት ዛሬ ሙሉውን የፊት ቁመት ይሰጣል። አሃዝ ምን እንደሚለካ ሳይጠይቁ መቀበል ምን ያህል ውድ እንደሚያስከፍል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ለፊዚክስ ክፍል አናውቅም።

በሰሜኑ ጠረፍ ይህ ሁሉ ሲሆን በዚያው ቀን የደሴቱ ደቡባዊ ጠረፍ እንደ ኩሬ ሊረጋ ይችላል፤ ደሴቱ ራሱ ሞገዱን ይከልለዋልና። ደቡቡ የራሱ ተራ አለው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ በደቡብ ንፍቀ ክበብ ብርዱ ሲበረታ፣ ከኒውዚላንድ ባሻገር የተነሡ ሞገዶች የምድር ወገብን ተሻግረው ይደርሱበታል። ትንሿ ደሴት በዓመት ውስጥ የሁለት ንፍቀ ክበቦችን ክረምት በሁለት ወገኗ ታስተናግዳለች። ለዚህም ነው የሃዋይ የባሕር ትንበያ ለሰሜን፣ ለምዕራብ፣ ለምሥራቅና ለደቡብ ጠረፍ ለየብቻው የሚወጣው።

ተራራ ያለው ደሴት መሸሻ አለው። በአማካይ ከባሕር ጠለል ሁለት ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ የሚሉት የማርሻል ደሴቶች ግን የላቸውም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀው የተነሡ ወጀቦች የላኩት ሞገድ ዋና ከተማዋን ማጁሮን አጥለቅልቆ መንግሥቷ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ ከሚክሮኔዥያ እስከ ፓፑዋ ኒውጊኒና የሰለሞን ደሴቶች ድረስም ጉዳት አደረሰ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ደግሞ በክዋጃሊን ደሴቶች ውስጥ በምትገኘው ሮይ ናሙር ሞገዱ በር ሰብሮ ሕንፃ ውስጥ ገባ። በዚያች ደሴት ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ የባሕር ጠለል ከፍ ባለ ቁጥር በየዓመቱ የሚደርሰው የሞገድ ጎርፍ ከመሬት ሥር ያለውን ጥቂት የመጠጥ ውሃ በጨው እየበከለ፣ ብዙዎቹ ዝቅተኛ የኮራል ደሴቶች በዚህ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለመኖሪያ የማይመቹ ሊሆኑ እንደሚችሉ አመልክቷል። ሕዝቡን አገር የሚያሳጣው እንግዲህ የአማካይ ጠለል መጨመር ብቻ አይደለም፤ በዚያ ላይ ተደርቦ የሚመጣው የአንድ የክረምት ቀን ሞገድ ነው።

«ባሕር ለሌላት አገር ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ በመምህራን ስብሰባም ሰምተነዋል። ጥያቄውን አንንቀውም። የትምህርት ሰዓት ውስን ነው። ይሁን እንጂ ከአገራችን ወጣቶች ብዙዎቹ ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት ከጅቡቲ ጠረፍ ወደ የመን በሚሻገር ከልክ በላይ በተጫነ ጀልባ ላይ ሆነው ነው። ከእነርሱ መካከል የተመለሱትም ያልተመለሱትም ከእኛው ትምህርት ቤቶች የወጡ ናቸው። ስለ ባሕር ያስተማርናቸው ነገር ቢኖር የውቅያኖሶችን ስምና ስፋት ነው። ሞገድ ከሌላ ቦታ እንደሚመጣ፣ የጠረፍ ጸጥታ የመካከሉን ባሕር እንደማያረጋግጥ አንድም ገጽ አላስነበብናቸውም። አንድ ገጽ ጉዞውን አያስቀረውም፤ ይህን አንልም። ቢሆንም አለማወቃቸው የእኛ ድርሻ ነው።

አማካዩን ጨርሶ እንጣለው የሚል አሳብም የለንም። ገበሬ፣ መሐንዲስና የግድብ ሠሪ ያለ እርሱ አይሠሩም። የምንቃወመው አማካዩ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ትምህርት መሆኑን ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ሰበብ ነበረን፤ የሩቅ አገር ዕለታዊ መረጃ አይደርሰንም ነበር። ዛሬ ግን ከካዋይ ሰሜን ምዕራብ ባሕር ላይ የሚንሳፈፉት መለኪያዎች የሞገዱን ቁመትና ዑደት በየሰዓቱ ለሚፈልግ ሁሉ ያሳያሉ። ከእነዚህ አንዱ ከጠረፉ 300 ኪሎ ሜትር ርቆ ባለ 20 ሰከንድ ሞገድ ቢመዘግብ፣ የሕይወት አድን ዋናተኛው ከአምስት ሰዓት በላይ ጊዜ አለው። በአንድ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ያሉ ተማሪዎች ይህንኑ አሃዝ አይተው ሞገዱ የሚደርስበትን ሰዓት ቢገምቱና በማግሥቱ ከተመዘገበው ጋር ቢያስተያዩ፣ ሞገድን፣ ግፊትን፣ ነፋስንና ስሕተትን በአንድ ጊዜ ይማራሉ።

ስለሆነም በመግቢያችን የጠቀስነው የፈተና ጥያቄ በሚከተለው እንዲተካ ለሥራ ባልደረቦቻችን እናቀርባለን፤ መልሱን ወደ ዝግጅት ክፍላችን ለሚልኩ ተማሪዎችም በሚቀጥለው እትም ቦታ እንሰጣለን። «በጥር ወር ሰኞ ከእኩለ ቀን በፊት፣ ከኦአሁ ሰሜናዊ ጠረፍ 2,500 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ ወጀብ ዑደታቸው 18 ሰከንድ የሆነ ሞገዶች ላከ። በጠረፉ የሙቀቱ መጠን 27 ዲግሪ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ ጸጥ ያለ ነው። አንድ ቤተሰብ ረቡዕ ቀትር ላይ ልጆቹን ይዞ ወደ ሰሜኑ ጠረፍ ለመሄድ አስቧል። ምን ትመክረዋለህ? በደቡቡ ጠረፍ ቢሆንስ? ሥሌትህን አሳይ።»